የከዚራን ውሾች ክኒን ሳስውጥ

ጡረታ ስወጣ የእንስሳት ሕክምና መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሸኙኝ። አለቃው ተነስቶ ስለ እኔ ስለ ሙሜ ንግግር አደረገ። ሙሜ ቆላውን በእግሩ ዞሮ ከብት ከተበ፤ ሙሜ የተቆጣ ግመል አስተኝቶ መርፌ ወጋ፤ ሙሜ ሥራ ጥሎ ሄዶ አያውቅም አለ። ተጨበጨበልኝ። የእጅ ሰዓት አሰሩልኝ፣ ለስላሳ ጠጣን፣ ተለያየን። ስለ ውሾቹ ግን አንድ ቃል አልወጣውም። ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አጫውቼዋለሁ። አፍሮልኝ ነው። ሽማግሌው በሰው ፊት የውሻ ነገር ቢነሳበት ቅር ይለዋል ብሎ ነው የዘለለው።

እኔ አላፍርም። ከብት የከተበ ሰው አገር ሙሉ ነው። ውሻ አፍ ውስጥ ክኒን አስገብቶ፣ አስውጦ፣ ውሻውም በማግስቱ ሲያየው ጭራውን የሚቆላለት ሰው ግን በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ እኔና ሐኪሙ ጌታዬ ብቻ ነበርን። ጌታዬ ሞቷል። ስለዚህ እኔው እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አንባቢ ያቃናው።

የተወለድኩት ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ያለች መንደር፣ ሐርላ ነው። አባቴ ፍየሎችና ትንሽ የማሽላ እርሻ ነበረው። ፍየል ያለው ሰው ውሻ አለው፤ ጅብ አለና። የኛ ውሻ ግን ደጅ ነው የሚያድረው፣ ደጅ ነው የሚበላው፣ ቢታመም ደጅ ነው የሚሞተው። ለውሻ መድኃኒት ይሰጣል ቢሉኝ ያኔ እስቅ ነበር።

ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ወደ ከተማ ወረድኩ። መጀመሪያ የሠራሁት የአንድ ዐረብ ነጋዴ የበቅሎ በረት ውስጥ ነው። እበት እጠርጋለሁ፣ ውሃ አጠጣለሁ፣ ስድብ እጠጣለሁ። አንድ ቀን አንዲት በቅሎ ሆዷ ተነፍቶ ተኛች። ነጋዴው ከከዚራ የእንስሳት ሐኪም አስጠራ። መጣ። አጭር፣ ራሰ በራ፣ መነጽር ያደረገ ግሪክ ነው። ዶክተር ስታቭሮ ይሉታል። ረጅም የብረት ቱቦ ከሻንጣው አወጣ፤ ለበቅሎ ትልልቁን ክኒን በሱ ነው ከምላሷ ኋላ የሚያደርሱት። በረት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሸሸ። እኔ ጆሮዋን ይዤ ዝም ብዬ ቆምኩ። ክኒኑ ገባ። ዶክተሩ በቅሎዋን ትቶ እኔን አየኝ።

"ለምን አልጮህክባትም?" አለኝ።

"ምን አደረገችኝና?" አልኩት።

በማግስቱ እሱ ዘንድ ሥራ ጀመርኩ። ደመወዙ ከበረቱ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ስድብ ግን አልነበረውም።

የዶክተሩ ቤት ከዚራ፣ ዛፍ ከሸፈነው መንገድ ዳር ነበር። ፊት ለፊቱ መኖሪያው፣ ጓሮው የሥራ ቦታው። ከዚራ ያኔ የባቡሩ ፈረንጆች፣ ግሪኮች፣ አርመኖች፣ የቀሩት ጣሊያኖች ሰፈር ነው። እያንዳንዱ ቤት ውሻ አለ። ደጅ የሚያድር ውሻ አይደለም፤ ሙቀት ሲበረታ ሳሎን ገብቶ ሸክላው ወለል ላይ የሚዘረጋ ውሻ ነው። ስም አለው። ሲታመም ማዳም ታለቅሳለች። እኔም መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ኋላ ተውኩ። የሚያለቅስ ሰው እውነቱን ነው የሚያለቅሰው።

አሁን የጌታዬን ልማድ ልናገር፤ ዕውቀቴ ሁሉ ከዚያ ነው።

ዶክተር ስታቭሮ ያልቀመሰውን መድኃኒት ለእንስሳ አይሰጥም ነበር። ጫፉን በምላሱ ይነካና ፊቱን ያጨማድዳል። "ይሄ መራራ ነው፤ ቅቤ ቀባው" ይላል። ወይም "ይሄ ያቃጥላል፤ ከመድኃኒቱ በፊት ምግብ ይግባ" ይላል። ሁለተኛ፣ ውሻን ለመድኃኒት አይጠራም። "ና ብለህ ጠርተህ መራራ ካጎረስከው ሁለተኛ ስትጠራው አይመጣም። ቤቱ ሲቃጠልም ብትጠራው አይመጣም። አንተ ሂድለት" ይለኝ ነበር። ሦስተኛ፣ ቆሞ አይሰጥም፤ ሱሪው ቢቆሽሽም መሬት ይቀመጣል። ከላይ የሚመጣ እጅ ለውሻ ዱላ ነው የሚመስለው።

ክኒን እንዲህ ነው የሚሰጠው። ክኒኑን በመዳፍህ ታሞቀዋለህ፣ ቅቤ ታስነካዋለህ። በግራ እጅህ የላይኛውን መንጋጋ ከአፍንጫው በላይ ትይዛለህ፤ የገዛ ከንፈሩን በጥርሱ ላይ ታጥፍበታለህ፤ ራሱን መንከስ ስለማይፈልግ አይነክስህም። በቀኝህ ታችኛውን መንጋጋ ዝቅ ታደርግና ክኒኑን ከምላሱ ጉብታ ኋላ ታስቀምጣለህ። ምላሱ መሃል ካስቀመጥከው ይተፋዋል። አፉን ዘግተህ ጉሮሮውን ከላይ ወደ ታች ታሻለህ። ያኔ ዓይንህ አፍንጫው ላይ ይሁን። ምላሱን አውጥቶ አፍንጫውን ከላሰ ውጦታል። ካልላሰ ጉንጩ ውስጥ ደብቆታል፤ አትልቀቀው። ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ ጭንቅላቱን ወደ ሰማይ አታቅና፤ የከንፈሩን ጥግ እንደ ኪስ ከፍተህ ጥቂት ጥቂት ታፈሳለህ፣ እስኪውጥ ትጠብቃለህ። የቸኮልክ እንደሆነ ወደ ሳንባው ይሄዳል።

ይሄ ሁሉ በባዶ እጅ ነው። እኔ ደግሞ እስላም ነኝ። የውሻ ምራቅ በኛ ነጃሳ፣ ርኩስ ነው፤ የነካው ሁሉ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ስለዚህ ከደቻቱ ወንዝ ንጹሕ አሸዋ እያመጣሁ በጣሳ አስቀምጥ ነበር። ሥራ ስጨርስ አንዱን በአሸዋ፣ ስድስቱን በውሃ እታጠባለሁ፤ የሥራ ልብሴን አውልቄ ሽርጤን አገለድማለሁ፤ እሰግዳለሁ። ዶክተሩ መጀመሪያ ሲያየኝ ምን እየሠራህ ነው አለኝ። ነገርኩት። በማግስቱ "ይሄ ያንተ ነው፣ ማንም አይንካው" ብሎ አዲስ የእጅ መታጠቢያ ገዝቶ አመጣልኝ።

ለኔ ያ በቂ ነበር። ለሰው ግን አልበቃም።

ፋጡማ የምትባል ልጅ ነበረች። ቀፊራ ገበያ ከእናቷ ጋር ቅመም ትሸጣለች። ምላሷ ከምትሸጠው በርበሬ ይብስ ነበር፤ በዚያው ነው የወደድኳት። አባቷ ዩሱፍ የሚባል ሶማሌ፣ ከዚራ ለአንድ የባቡር ሹም ፈረንሳዊ ምግብ የሚያበስል፣ ሰላት የማያጓድል፣ በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነው። እኛ ወጣቶቹ አዴር ዩሱፍ እንለዋለን፤ አጎት እንደማለት ነው። አንድ ቀን ደፍሬ ሄጄ ልጅህን ስጠኝ አልኩት።

"ዋሪያ!" አለኝ፤ አንተ ልጅ እንደማለት ነው፣ ስሜን አይጠራም። "ሥራህ ምንድን ነው?"

"ታውቀዋለህ፣ አዴር።"

"ከራስህ አፍ ልስማ።"

"ለእንስሳት መድኃኒት እሰጣለሁ።"

"ለየትኞቹ እንስሳት?"

"ለበቅሎ፣ ለፈረስ፣ ለላም..."

"ጨርሰው።"

"ለውሻ።"

"በምንህ?"

"በእጄ።"

"እንግዲህ ያ እጅ ከኔ እጅ ጋር አንድ ሳህን ላይ አይገናኝም" አለኝ። እታጠባለሁ አልኩት። "መታጠብህን አውቃለሁ። ሰው ግን ስትታጠብ አያይህም፤ ውሻ አፍ ውስጥ ስትከት ነው የሚያይህ" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጌታዬን ለምኜ ባቡር ጣቢያ ላስገባህ። ውሻውን ተው፣ ልጅቷን ውሰድ" አለኝ።

ጥሩ ሥራ ነበር። ዩኒፎርም አለው። እንቢ አልኩት።

ቀፊራ ሄጄ ለፋጡማ ነገርኳት።

"አባቴ እንቢ አለህ?"

"አዎ።"

"አንተስ?"

"እኔም እንቢ አልኩት።"

"አቦ! ሁለታችሁም ስትገትሩ እኔ በመሃል ላርጅ?" አለችኝ። "ከረመዳን በኋላ አንድ የጅቡቲ ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ውሻውን ተው አላልኩህም፤ ዛሬ ውሻህን ከተውክ ነገ እኔንም ትተወኛለህ። ግን አንድ ነገር አድርግ። እጅህ ታማሚ ማዳን ከቻለ አባቴንም ያድነዋል።"

በዚያው ሰሞን ነው ያ ክፉ ነገር የደረሰብን።

ከዚራ አንዲት ጣሊያናዊት ባልቴት ነበረች፤ ሲኞራ እንላታለን። ቦቢ የሚባል ትንሽ ነጭ ውሻ አላት። ሆዱ ደርቆበት መጣ። ዶክተሩ የጉሎ ዘይት ለጥቂት ቀን ይሰጠው አለ። የሲኞራ ጣቶች በቁርጥማት ተጣመዋል፤ ስለዚህ ዘበኛዋ እንዲሰጠው አዘዘች። ዘበኛው አዛውንት እስላም ነው። እኔ ያን ቀን አባቴ ታሞ ሐርላ ነበርኩ። ዶክተሩ በራሱ አማርኛ የከንፈሩን ጥግ ክፈት፣ ጥቂት ጥቂት አፍስስ አለው። ዘበኛው "እሺ ጌታዬ" አለ። ጣትህን እዚህ አግባ አለው። "እሺ ጌታዬ" አለ። ዘይቱን ይዞ ሄደ።

ስመለስ ሲኞራ ውሻውን በፎጣ ጠቅልላ ደጃችን ቆማለች። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ዓይኑ እኔን እያየ ነው፣ ያውቀኛል። ዶክተሩ ያለውን ሁሉ አደረገ፤ እኔ ደረቱን እያሻሁ አብሬው መሬት ተቀመጥኩ። ጭኔ ላይ ሞተ። በኋላ ዶክተሩ ደረቱን ከፈተው። ሳንባው በዘይት ርሷል። ዘይት ክፉ ነው፤ ውሃ ቢሆን ያስለው ነበር፣ ዘይት ግን ሳያስል ነው የሚገባ።

ዘበኛው እጁን ላለማስነካት ጣሳ ዱላ ላይ አስሮ፣ ውሻውን ከግንድ ጋር አስሮ፣ ጭንቅላቱን በገመድ ወደ ላይ ስቦ ከሩቅ ነበር የሚያፈሰው። ጭካኔ አልነበረበትም። ተባረረ። ሲባረር ደጃችን መጣ።

"ሙሜ፣ አፉ ውስጥ አፍስስ አሉኝ፣ አፉ ውስጥ አፈሰስኩ" አለኝ።

"እጄ አይነካውም ለምን አላልክም?"

"ለፈረንጅ ሐኪም ውሻ ነጃሳ ነው ልበለው? በገዛ ቤቱ?"

ዶክተሩ ይሄን ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። "እሺ ሲለኝ ደስ አለኝ። አሳየኝ አላልኩትም" አለ። ከዚያ ቀን ወዲያ መድኃኒት ይዞ የሚሄደውን ሰው ሁሉ፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ "አሳየኝ" ሳይለው ሸኝቶት አያውቅም። ቦቢን ግን ያ አልመለሰውም። ብዙ እንስሳ እጄ ላይ ሞቷል፤ ያ ትንሽ ነጭ ውሻ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። በመድኃኒታችን ነው የሞተው።

አዴር ዩሱፍም ሰማ። "አየህ?" አለኝ መንገድ ላይ። "ውሻ የሰው እንጀራ ይዘጋል።"

 ብዙ ሳይቆይ ነገሩ እሱም ደጅ መጣ።

የሱ ጌታ፣ ያ ፈረንሳዊ፣ ሪክስ የሚባል ጥጃ የሚያክል ውሻ ነበረው። ሪክስ ከጌታውና ከማዳም በቀር ለማንም አይገዛም፤ ለአዴር ዩሱፍ ግን ይገዛል። አዴር ከወጥ ቤቱ መስኮት አጥንት ይወረውርለታል፣ በሶማሊኛ ይሰድበዋል፣ ውሻው ጭራውን ይቆላል። እኔ እንደማየው ከፈረንሳይኛ ይልቅ ሶማሊኛ ይሰማ ነበር። ሪክስ ሳል ያዘው፤ ትኩሳት ተጨመረበት። ዶክተሩ ሳንባው ነው አለ። ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ነጭ፣ በጣም መራራ ክኒን አዘዘ። መርፌ ያኔ ለሰውም አይበቃም ነበር።

ጌታውና ማዳም ለሥራ ወደ ጅቡቲ መውረድ ነበረባቸው። ማዳም እንባዋን እየጠረገች "ዩሱፍ፣ ሪክስን ላንተ ትቼዋለሁ" አለችው። ጌታው ግን አላለቀሰም። "ስንመለስ ውሻውን ደህና አግኝተን እንደሆነ ደህና ነህ" አለው። የዘበኛውን ነገር የማያውቅ ሰው ስለሌለ ቀሪውን አዴር ራሱ ጨረሰው።

ዶክተሩ እንደ ልማዱ "አሳየኝ" አለው። አዴር ክኒኑን ሥጋ ውስጥ ወትፎ ወረወረ። ሪክስ በአየር ላይ ቀልቦ ዋጠ። ሁላችንም ደስ አለን። ባልና ሚስቱ ባቡር ተሳፈሩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አዴር ዩሱፍ የዶክተሩ አጥር ደጅ ቆሞ አየሁት። አይገባም፣ አይሄድም።

"ዋሪያ" አለኝ። "ያ ርኩስ ክኒኑን አግኝቶታል።"

"እንዴት አግኝቶታል?"

"ሥጋውን ይበላል። ክኒኑን ልሶ ያስቀምጠዋል። ከቡገንቪላው አበባ ሥር ሁሉንም አገኘኋቸው፣ አንድ ላይ፣ እንደ ዶሮ እንቁላል።"

ከዶክተሩ ጋር ሮጠን ሄድን። ሪክስ የጎድን አጥንቱ እየተቆጠረ ጥላ ሥር ተኝቷል። ዶክተሩ መሬት ተቀምጦ ሲጠጋው ተነሳ። እኔ ስጠጋው ጥርሱን አሳየኝ። ይዘን ልንሰጠው ስንሞክር ተፈራገጠ፣ ምላሱ ሰማያዊ ሆነ። ዶክተሩ ወዲያው እጁን አነሳ። "በዚህ ሳንባ ከታገልነው እኛው ነን የምንገድለው" አለ። ሪክስ እየተንገዳገደ ሄዶ አዴር እግር ሥር ወደቀ።

ዶክተሩ አዴርን ቀና ብሎ አየው።

"እጄን አልከትም" አለ አዴር። "ይባርሩኝ።"

እኔ ልሞክር አልኩና "አዴር፣ ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው አላህ ምሮታል ሲሉ አልሰማህም?" አልኩት።

"ሰምቻለሁ" አለኝ። "ውሃ አጠጣው እንጂ አፉ ውስጥ እጁን አልዶለም።"

ሳቄ መጣ። እውነቱን ነው እኮ። መንገድ ላይ ስመለስ ይኸው ነገር እየተመላለሰብኝ ቆምኩ። ያም ሰውዬ ጫማውን ነው የላከው፤ እጁ ውጭ ነበር። ሃይማኖቱን ተው ብሎ ከሰው ጋር መታገል ሪክስን ይዞ እንደ መታገል ነው፤ ሁለቱም ይሞቱብሃል። ሰውየው ባለበት ሆኖ የሚሠራበትን ነገር መስጠት ነው።

ያ የበቅሎው ብረት ቱቦ ትዝ አለኝ። ለውሻ አይሆንም፤ ወፍራም ነው፣ ጥርስ ይሰብራል። ቀፊራ ሄጄ ሸምበቆ ገዛሁ። በጣት ውፍረት መርጬ በክንድ ርዝመት ቆረጥኩት። አንጓውን በጋለ ሽቦ በስቼ ውስጡን በአሸዋ አሸሁት። አፍ የሚገባውን ጫፍ በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ፣ በሰም ነክሬ አለሰለስኩት። ውስጡ የሚሄድ ቀጭን እንጨት ላጥኩ፤ ራሱ ላይ ጨርቅ ጠመጠምኩ። ክኒኑ በቅቤ ተጣብቆ ጫፉ ላይ ይቀመጣል፤ እንጨቱን ስትገፋው ይወጣል። ለዶክተሩ ሰጠሁት። ምን ነው ብሎም አልጠየቀኝ። እንደ መድኃኒቱ ሁሉ የገዛ አፉ ውስጥ ከተተው፣ እስኪያቅለሸልሸው ወደ ኋላ ገፋው። አወጣውና "ግራው ጎን ትንሽ ይቧጥጣል" አለኝ። ፍቄ አስተካከልኩት።

አዴር ዘንድ ይዤ ሄድኩ። "ይሄ ጫማው ነው" አልኩት።

ገልብጦ ገልብጦ አየው። "አፉን ማን ይከፍትልኛል?"

"አንተ። ጸጉሩ ደረቅ ነው፤ ደረቅ ፎጣ አፍንጫው ላይ ጣል። እጅህ ከፎጣው በላይ ነው።"

"ደረቅ በደረቅ ምንም የለውም" አለ ለራሱ። ይሄንን ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። "ምራቁስ?"

"ምራቁ ሸምበቆው ላይ ይቀራል። ሸምበቆውን እኔ አጥባለሁ፣ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአሸዋ። አንተ ቆመህ ታየኛለህ።"

አዴር መሬት ተቀመጠ። ሪክስ ጭንቅላቱን ራሱ አምጥቶ ጭኑ ላይ ሊያሳርፍ ሲል "ኧረ ሂድ!" አለው፤ ውሻው ተረድቶ ከጎኑ ተኛ። ፎጣውን ጣለ።

"ቢስሚላህ ይባላል?" አለኝ።

"ሥራ አይደል? በል እንጂ።"

የመጀመሪያውን ክኒን በኃይል ገፍቶት በወዲያኛው ጉንጭ ወጥቶ ተፈናጠረ። "ጠመንጃ አይደለም፣ አዴር" አልኩት። "አትሳቅብኝ!" አለኝ። ሁለተኛውን በከንፈሩ ጥግ ቀስ አድርጎ አስገባ፣ ከምላሱ ጉብታ አሳለፈ፣ ገፋ፣ አወጣ። በፎጣው አፉን ይዞ ጉሮሮውን አሻው። "አፍንጫውን እይ" አልኩት። ሁለታችንም ትንፋሽ ሳናወጣ ጠበቅን። ምላሱ ወጣች። አፍንጫውን ላሰ።

አዴር ዩሱፍ ያን ጊዜ ያሳየው ፊት፣ እኔ መጀመሪያ ክኒን ሳስውጥ የነበረኝ ፊት ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ የቀመሰ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ኩራትና ድንጋጤ። "ዋጠ?" አለኝ። ዋጠ አልኩት። "ወላሂ?" ወላሂ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ጠዋትም ማታም እሱ ነው የሰጠው። እኔ ሸምበቆውን ሳጥብ ከጎኔ ቆሞ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ አንዱን ቢረሳ እኔ አልረሳም። ሪክስ መጀመሪያ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ቀጥሎ ሳሉ። ባልና ሚስቱ ሲመለሱ ሪክስ ጣቢያ ድረስ ሄዶ ማዳም ላይ ተንጠለጠለ። ጌታው አዴርን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ገባ። አዴር ግን ወደ እኔ ዞሮ "ይሄን ለዘመዶቼ እንዳታወራ" አለኝ። ስለ ፋጡማ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ወሬ ግን የከዚራን አጥር መዝለል ያውቅበታል። የየቤቱ ምግብ አብሳይና ዘበኛ አንድ በአንድ ወደ ጓሯችን መጣ። እኔ ሸምበቆ እቆርጣለሁ፤ ለትልቅ ውሻ ወፍራም፣ ለትንሽ ቀጭን። ዶክተሩ እያንዳንዱን አሳየኝ ይለዋል። አንድ አርመን ቤት የሚሠራ ሽማግሌ "ሐኪም ሆንኩ" እያለ ሸምበቆውን ቀበቶው ውስጥ ሰክቶ ይዞር ነበር። ከዚያ ወዲህ እኛ ሰፈር ባልሆነ አሰጣጥ የሞተ ውሻ አላየሁም። በዚህ እኮራለሁ። ሰዓቴን የሸለሙኝ ሰዎች ይህን ቢያነሱልኝ ሰዓቱን መልሼ ብሰጣቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ረመዳን አለፈ። የጅቡቲው ነጋዴ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እኔ ላክሁ። የአባቴን ወንድምና ሁለት የሐርላ ሰዎችን ይዤ አዴር ዩሱፍ ቤት ሄድን። የፋጡማ አጎቶች ተሰብስበዋል። ታላቁ አጎቷ፣ ምላሱ የፋጡማን የሚመስል ሰው፣ መሃል ተቀምጧል። የከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት ደረሰ፤ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ አዴር ዩሱፍ ከፊት ቆሞ ሁላችንንም አሰገደን። ጨርሰን ተቀመጥን። የአባቴ ወንድም ነገሩን አነሳ።

"ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" አለ አጎቷ፤ እያወቀ።

"የእንስሳት ሐኪም ረዳት ነው" አለ የአባቴ ወንድም።

"አቦ፣ አታስውበው። የውሻ አፍ ይከፍታል አይደል?"

ሳቁ። ከኛ ወገን የመጡት አንገታቸውን ደፉ። ከመጋረጃው ጀርባ ፋጡማ እንዳለች አውቃለሁ። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት አዴር ዩሱፍ እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

"እኔም ከፍቻለሁ" አለ።

"ምን ከፍተሃል?"

"የውሻ አፍ። ጠዋትና ማታ። ይሄ ልጅ አስተምሮኝ።"

የአጎቷ ሳቅ ፊቱ ላይ ቀረ። "አንተ? ዩሱፍ?"

"እኔ። ጌታዬን ጠይቅ፤ ውሻው አሁንም በሕይወት አለ፣ እኔም ሥራዬ ላይ አለሁ።" ዞር ብሎ ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸው። "አሁን ከፊታችሁ ቆሜ አሰግጃችኋለሁ። ሙሜ እጁ የማይነጻ ከሆነ የኔም አይነጻም፤ ከኋላዬ የሰገዳችሁትም አይቆጠርም። እንግዲህ ሰላቱን የሚደግም ካለ ውሃው ያው፣ ምንጣፉም አልተጠቀለለም።"

ማንም አልተነሳም። አጎቷ ሁለት መዳፉን ለዱዓ ዘረጋ፤ ቃል የሚታሰርበት ፋቲሃ ተቀራ፤ ፋጡማ ተሰጠችኝ።